የጎጃም ስታቲስቲክስ በበይነ መረብ፦ ምንጮቹና ምዘናቸው

በዛሬው አስተዳደር «ጎጃም» የሚባል አንድ ክፍል የለም። ስለዚህ የጎጃምን ሕዝብ ወይም ምርት የሚፈልግ ሰው ከቁጥሩ በፊት ወሰኑን ይለይ። የ1976 ቆጠራ ጎጃምን የመዘገበው መተከልንና የአገውን ምድር ጨምሮ፣ እንደ አንድ ክፍለ ሀገር ነው። በ1999 ቆጠራ ግን ምሥራቅ ጎጃም 2,153,937፣ ምዕራብ ጎጃም 2,106,596፣ አዊ 982,942፣ ባሕር ዳር ልዩ ዞን 221,991 ሆነው ለየብቻ ሰፍረዋል፤ መተከል ወደ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ሄዷል። ይህን ሳያስተካክል ሁለቱን ቆጠራዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሠንጠረዥ አይታመንም። ሰሜን ጎጃም ዞን ደግሞ ከ1999 በኋላ የተዋቀረ በመሆኑ በቆጠራው ውስጥ በስሙ አይገኝም።

ዋናው ምንጭ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ድረ ገጽ ነው። የቆዩት ሪፖርቶች «ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ» በሚለው ስም ስለወጡ በሁለቱም ስም መፈለግ ያዋጣል። ከ1999 ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ከዚያ በኋላ የወጣ የሕዝብ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ወይም ግምት ነው፣ የትኛውም ጋዜጣ «ቆጠራ» ቢለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዓመተ ምሕረቱ ነው። «2007» የሚለው ቁጥር በፈረንጅ ከሆነ የቆጠራው ዓመት ነው፤ በእኛ ከሆነ ግን ስምንት ዓመት ያህል የዘገየ ነው።

የሰብል ምርት በየዓመቱ ከሚወጣው የግብርና ናሙና ጥናት በዞን ደረጃ ይገኛል፤ የሚሸፍነውም የአነስተኛ ገበሬዎችን ይዞታ ነው። ምርታማነት የሚለካው ከማሳው ላይ ትንሽ ቦታ ታጭዶና ተመዝኖ ነው። ቦታው 4 ሜትር በ4 ሜትር ከሆነ 1 ኪሎ እህል በሄክታር 6.25 ኩንታል ይሆናል፤ የ100 ግራም ስሕተትም በሄክታር ወደ 62 ኪሎ ያድጋል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ቁጥር ግን ከቀበሌ እየተደመረ የሚመጣ ሪፖርት ነው። ሁለቱ ቢለያዩ አይገርምም፤ አማካይ አውጥቶ ማስታረቅ ግን ትርጉም የለውም።

በፈረንጅ 2000፣ 2005፣ 2011 እና 2016 የተካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ናሙናቸው የተነደፈው ለክልል ነው። ከነሱ ተወስዶ «የምሥራቅ ጎጃም ክትባት ሽፋን» የተባለ መቶኛ ካጋጠመ፣ የአማራ ክልል አማካይ ሌላ ስም ለብሶ ሊሆን ይችላል።

ብዙዎቹ አሮጌ ሠንጠረዦች በስካን የተነሡ ናቸው፤ ወደ ኤክሴል ሲገለበጡ 3 ወደ 8 ይቀየራል፣ ነጠላ ሰረዝም ነጥብ ይሆናል። የወረዳዎቹን ድምር ከዞኑ ጠቅላላ ጋር ማመሳከር አብዛኛውን ስሕተት ያጋልጣል።