ሕግ መማር በባሕር ዳር፦ ከ12ኛ ክፍል ፈተና እስከ ሁለተኛው ዲግሪ

«ሕግ ለመማር የት ነው የሚመዘገበው?» ባሕር ዳር ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ብዙ ነው። ወላጅም ይጠይቃል። መልሱ ግን አንድ አድራሻ አይደለም። እንደ ባሕር ዳር ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሄዶ ማመልከቻ የሚያስገባ የለም። መጀመሪያ አገር አቀፉ ፈተና አለ። ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይመጣል። ከዚያ ፍሬሽማን፣ ማለትም የጋራ ኮርሶች የሚሰጡበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። የዲፓርትመንት ምርጫ የሚከተለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሕግ አራተኛው በር ላይ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው በር ጠባብ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። በዚያ ዓመት ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሷል። ከ50 በታች ካመጡት መካከል የተሻለ ነጥብ ያላቸው ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ገብተው ሌላ ዕድል ያገኛሉ። ሕግ ከማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ስለሆነ ተማሪው አቅጣጫውን የሚይዘው ገና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው። ሒሳብ ጠልቶ ወደ ማኅበራዊ የሄደ ልጅ ግን ይጠንቀቅ። ማኅበራዊ ሳይንስም የሒሳብ ፈተና አለው። ፍሬሽማን ላይም ሒሳብ ይጠብቀዋል።

ፈተናውን ያለፈ ተማሪ የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በትምህርት ሚኒስቴር ፖርታል ላይ በቅደም ተከተል ይሞላል። እዚህ ላይ የጣና ዳር ልጆች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ከቤቱ ሳይርቅ ለመማር ባሕር ዳርን አንደኛ ያደርጋል። ሌላው «ከዚህ ከተማ ልውጣ» ብሎ ሩቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ ይመኛል። ምደባው ለሁለቱም እንደ ምኞታቸው ላይሆን ይችላል። ይህ የሚታወቅ ነገር ነው።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሁለት ተቋማት ልጅ ነው። አንዱ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ ነው። ሌላው በ1960ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። ሁለቱ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲው በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ተመረቀ። የከተማው ሰው ግን ግቢዎቹን ዛሬም በድሮ ስማቸው ነው የሚጠራቸው። ለባጃጅ ሾፌር «ዩኒቨርሲቲ» ካልከው «ፔዳ ነው ፖሊ?» ብሎ ይጠይቅሃል። አንዱ ቴክኒክ፣ አንዱ መምህርነት ያስተምሩ ስለነበር ሕግ ለግቢው ከኋላ የመጣ እንግዳ ነው። በአገር ደረጃ የመጀመሪያው የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ባሕር ዳር ግን ዘግይታ ብትጀምርም ዛሬ የራሷ የሕግ መጽሔት፣ የማስተርስ ፕሮግራሞችና ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏት።

ወደ ፍሬሽማን እንመለስ። ተማሪው በዚህ ዓመት ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢኮኖሚክስና እንግሊዝኛ ይማራል። ብዙዎች «ይህ ሕግ አይደለም» ብለው ያቃልሉታል። ስሕተት ነው። ሕግ የሚፈልገው ተማሪ ብዙ፣ ቦታው ጥቂት ሲሆን የሚታየው ጂፒኤ (የኮርሶቹ አማካይ ውጤት) ነው። ከ12ኛ ክፍሉ ነጥብም ጋር ይደመራል። በመጀመሪያው ሚድ የተንሸራተተ ልጅ መጨረሻ ላይ ያላሰበው ዲፓርትመንት ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ሎጂክ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሕግ ዘመድ ነው። ክርክር ውስጥ የተደበቀን ስሕተት መለየት በኋላ እንጀራ ይሆናል።

የሕግ ዲግሪው ፍሬሽማንን ጨምሮ 5 ዓመት ይፈጃል። የሰዎች ሕግ፣ ውል፣ ንብረት፣ ቤተሰብ፣ ውርስ፣ ወንጀል፣ ሕገ መንግሥት፣ ንግድ፣ ግብር፣ ሁለቱ ሥነ ሥርዓቶች (የፍትሐ ብሔርና የወንጀል)። ምስለ ችሎት፣ ማለትም የልምምድ ክርክር አለ። ፍርድ ቤት ወጥቶ መለማመድ አለ። በመጨረሻ የመመረቂያ ጽሑፍና የመውጫ ፈተና ይመጣል። የሕግ ተማሪዎች የመውጫ ፈተናን ከሌሎች ቀድመው ነው የለመዱት። በሌሎች የትምህርት ዘርፎች ሁሉ የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው። ማለፊያው 50 ነው። ያላለፈ አይመረቅም።

ለአመልካቾች ከሚነገረው ሁሉ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይረሳል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሥራው በአማርኛ ነው። ሃንድ አውቱ በእንግሊዝኛ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ። ተመርቆ የአማራ ክልል ፍርድ ቤት ሲገባ ግን ክሱ፣ መልሱ፣ ምስክሩ፣ ፍርዱ በአብዛኛው በአማርኛ ነው። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው በአማርኛ ቅጂው ነው። ስለ ንብረት መብቶች በእንግሊዝኛ አምስት ገጽ የሚጽፍ ልጅ «አላባ» (በሌላ ሰው ንብረት የመጠቀም መብት) ሲባል ዓይኑ ይፈጣል። «ይርጋ» (መብት በጊዜ ማለፍ መቅረቱ) ምን እንደሆነ አያት ያውቃሉ፣ ተመራቂው ያስባል። አንድ የወረዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ለሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ (ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው) «ሁከት ይወገድልኝ»፣ ማለትም ይዞታዬ አይታወክ የሚል ክስ፣ የዕለት ቋንቋ ነው። ለአዲስ ተመራቂ የጥናት ርዕስ ነው። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያው «ሁለተኛ ዲግሪ» ይህ ነው እላለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን የአማርኛ ቅጂ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ከእንግሊዝኛው ጎን ለጎን ማንበብ። 1952 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ነው፣ አማርኛው ግን አሁንም ያምራል።

አሁን ወደ ሁለት ዲግሪ። ኢንተርኔት ላይ ስለ ሕግ ትምህርት የሚያነብ ተማሪ «ሕግ ከንግድ ጋር»፣ «ሕግ ከሥነ ጥበብ ጋር» የሚሉ ጥምር ፕሮግራሞች ያያል። እነዚህ የየአገራቸው ሥርዓት ናቸው። አውስትራሊያ ውስጥ ተማሪው ገና ሲያመለክት ሕግን ከሌላ ዘርፍ ጋር አጣምሮ 5 ዓመት ወይም ትንሽ በለጥ ባለ ጊዜ ሁለት ዲግሪ ይዞ መውጣት የተለመደ ነው። ሕንድ ውስጥ አርትስና ሕግ ተዋሕደው በ5 ዓመት ይጠናቀቃሉ። አሜሪካ ሕግ ራሱ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚመጣ የ3 ዓመት ትምህርት ነው። እዚያ ከቢዝነስ ማስተርስ ጋር ሲጣመር አብዛኛውን ጊዜ 4 ዓመት ይሆናል። የጥምር ፕሮግራም ጥቅሙ ጊዜ መቆጠቡ ነው። አንዳንድ ኮርስ ለሁለቱም ዲግሪ ይቆጠራል።

እኛ ዘንድ ምደባው ለአንድ ተማሪ አንድ ዲፓርትመንት ነው የሚሰጠው። ሁለተኛውን ተማሪው ራሱ ይገጣጥመዋል። መንገዶቹ ሦስት ናቸው።

ባሕር ዳር ላይ የሚታየው የመጀመሪያው የቅዳሜና እሁድ መንገድ ነው። ልጁ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሕግ ይማራል፣ ቅዳሜና እሁድ የግል ኮሌጅ ሄዶ አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት ይማራል። ከዶርም ጠዋት ሲወጣ ጓደኞቹ ተኝተዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ጎበዝ ነው። ችግሩ የሚመጣው የሁለቱ ፈተና ሲገጣጠም ነው። የግሉ ኮሌጅ ክፍያ አለ። የመውጫ ፈተናም ሁለት ጊዜ ነው፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ አንድ። ከመመዝገብ በፊት ደግሞ ኮሌጁ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ያለው መሆኑን ማጣራት ግድ ነው። ዕውቅናው የሚሰጠው ለኮሌጁ በጅምላ አይደለም። ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ፈቃድ አለው ማለት ባሕር ዳር ያለው አለው ማለት አይደለም። አንድ የማውቀው ልጅ ይህን ሳያጣራ ሁለት ዓመት ከፍሎ ተምሯል። ስሙንም የኮሌጁንም ስም ልተወው።

ሁለተኛው መንገድ ተራ በተራ ነው። በሌላ ዘርፍ ዲግሪ ይዞ ሥራ ላይ ያለ ሰው በኤክስቴንሽን (ከሥራ ሰዓት ውጭ በሚሰጥ ትምህርት) ሕግ ይማራል። በዚህ መንገድ የመጡ ፖሊሶች፣ የቀበሌ ሠራተኞች፣ የባንክ ሰዎች አሉ። ክፍል ውስጥ ከወጣቶቹ የሚሻሉበት ጊዜ አለ። መምህሩ ስለ ውል ሲያስረዳ እነሱ የተፈራረሙትን ያስታውሳሉ።

ሦስተኛው ማስተርስ ነው። ከ5 ዓመት ሕግ በኋላ ሁለተኛ የመጀመሪያ ዲግሪ ከመፈለግ ይልቅ 2 ዓመት ጨምሮ ማስተርስ መያዝ ለብዙዎች የተሻለ ይመስለኛል። ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ፎቶ ኮፒው ያምራል እንጂ ደመወዝ ላይ ያን ያህል አይታይም። የጥብቅና ፈቃድም ቢሆን በሁለት ዲግሪ አይቀልም። የፌዴራሉ የጥብቅና አገልግሎት አዋጅ 1249/2013 ከሚጠይቃቸው ዋናዎቹ የሕግ ዲግሪና ፈተና ናቸው። በክልሉ ፍርድ ቤቶች ለመቆም ደግሞ የክልሉ ፈቃድ አለ። አካውንቲንግህን የሚጠይቅ የለም።

ታዲያ ሁለተኛ ዘርፍ ዋጋ የለውም? አለው፣ ምርጫው ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ከተነሣ። በዚህ ክልል ሰው የሚካሰሰው በብዛት በመሬት ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ ክርክሩ በስጦታ፣ በውርስ፣ በኪራይና በወሰን መግፋት በኩል ይመጣል። ክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ በ1998 ዓ.ም. (133/1998) አወጣ፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ (252/2009) ተካው። አርሶ አደሩ የይዞታ ደብተር አለው። ደብተሩ ላይ ያለው ስፋትና መሬቱ ላይ ያለው ስፋት አልገጥም ሲል ሁሉም ጠበቃ ዘንድ ይሮጣል። ካርታ ማንበብ የሚችል፣ ልኬት የሚገባው ጠበቃ ከዚህ በላይ ምን ገበያ ይፈልጋል? ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት አለ። አንድ የሕግ ተማሪ ከዚያ ግቢ መጻሕፍትና ጓደኞች ቢያበጅ ከግማሽ ዲግሪ አይተናነስም። የንግድ ክርክር የሚስበው ሰው ግን አካውንቲንግ ይማር። የሒሳብ መዝገብ የማያነብ የግብር ጠበቃ ባለጉዳዩን ያስፈራል።

ከወጪው ወገን መንግሥት የሚያስተምረው ተማሪ የሚፈርመው ኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት ውል) አለ። ሕግ አምስት ዓመት ስለሆነ ዕዳውም የአምስት ዓመት ነው። ተመራቂው መጀመሪያ የሚቀበለው «ቴምፖ» የሚባለውን ጊዜያዊ ማስረጃ ነው። ኦሪጅናሉ ዕዳው እስኪከፈል ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ይቆያል። ወዲያው ሁለተኛ ትምህርት ለመጀመር ያሰበ ሰው ቴምፖውንና የትራንስክሪፕቱን ኮፒ ከሬጅስትራር ሳይወጣ ቢያሟላ ይሻለዋል። ትራንስክሪፕት በይፋ የሚላከው በቀጥታ ከተቋም ወደ ተቋም ነው። ጥያቄውን ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ያስገባ ሰው ፔዳ በር ላይ ቆሞ ስልክ ሲደውል ይታያል።