ለእነዚያ ውሾች አትዘኑላቸው

ሰሞኑን ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን አንድ ቪዲዮ ስንቀባበል ቆየን። የላከው ሚኒሶታ የሚኖር የጓደኛችን ዘመድ ነው። ውሾች ጎማ የሌለው፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ እየጎተቱ በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ ሽምጥ ይጋልባሉ። ቦታው ኢሊ ከምትባል ከተማ አጠገብ ያለ፣ ከካናዳ ጋር የሚዋሰን ጥብቅ ደን ነው። ከ1,000 በላይ ሐይቆች አሉት። ሞተር በአብዛኛው ክልክል ስለሆነ፣ ሐይቆቹ በረዶ ሲሆኑ የሚገባው በእግር፣ በስኪ (እግር ላይ በሚታሰር የበረዶ መንሸራተቻ) ወይም በውሻ ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ የተባለው ግን ብዙው ስህተት ነበር።

«ምስኪኖች፣ በብርድ አለቁ!»

የሚያስቸግራቸውስ ሙቀት ነው። ፀጉራቸው ድርብ ነው፤ ከሥር ጥቅጥቅ ያለ፣ ከላይ ረዘም ያለ። ውሻ ደግሞ እንደ ሰው በላብ አይቀዘቅዝም፤ ያለከልካል እንጂ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለሩጫ ይመቻቸዋል። አየሩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነጂው ፍጥነት ይቀንሳል፣ ቶሎ ቶሎ ያሳርፋቸዋል። እኛ ሹራብ የምንደራርብበት የኅዳር ማለዳ ለእነሱ ሥራ ይሞቃል። ብርዱን የሚችሉት በምግብም ነው። የረጅም ርቀት ተወዳዳሪ ውሻ በቀን እስከ 10,000 ካሎሪ ያቃጥላል፤ አብዛኛውን የሚያገኘው ከስብ ነው።

«እየገረፉ ነው የሚያስሮጧቸው።»

ጅራፍ የለም፣ ልጓምም የለም። ከፊት ያሉት መሪ ውሾች ድምፅ ሰምተው ይታጠፋሉ፤ «ጂ» ቀኝ፣ «ሃው» ግራ ነው። ጣጣው ማስቆሙ ላይ ነው። ነጂው ፍሬኑን ይረግጣል፣ ሲቆም ደግሞ መንጠቆ የመሰለ ብረት ስኖው (ከሰማይ የወረደው አመዳይ) ውስጥ ይተክላል። ያ ካልያዘ ጥለውት ይሄዳሉ። ለጀማሪ የሚነገረው የመጀመሪያ ነገርም «ብትወድቅ እንኳን ጋሪውን አትልቀቅ» ነው።

«ሁሉም ሃስኪ የሚባለው ባለ ሰማያዊ ዓይን የውሻ ዝርያ ናቸው።»

አይደሉም። ብዙዎቹ ለመልክ ሳይሆን ለሥራ የተዳቀሉ ቀጫጭን ውሾች ናቸው፤ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ቢመዝኑ ነው።

«በረዶው ቢሰበርስ?»

ይሄ እንኳን ተገቢ ፍርሃት ነው። ጥርት ያለ 10 ሴንቲሜትር በረዶ እግረኛ ይችላል፤ በጥርና በየካቲት እዚያ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ይወፍራል። ስህተቱ ሁሉም ቦታ እኩል ይወፍራል ብሎ ማሰብ ነው። ወንዝ የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ሐይቁም የሚጠብበት ቦታ ውሃው ስለሚንቀሳቀስ ስስ ይሆናል። ስኖው ደግሞ ለሐይቁ ጋቢ ነው፤ ብዙ ሲከመር በረዶው እንዳይወፍር ያደርጋል። ክብደቱም በረዶውን ወደ ታች ይጫነውና ውሃ በስንጥቁ ይወጣል። ከላይ ነጭና ደረቅ ይመስላል፤ ሲረግጡት ግን ጭቃ የመሰለ ውሃ ነው። ጫማ ያርሳል፣ ጋሪው የሚንሸራተትበት እግር ላይም በረዶ ሆኖ ይጣበቃል።

«ወፍራም ጃኬት ካለ በቃ።»

ለተቀመጠ ሰው እሺ። ነጂው ግን ዳገት ላይ ወርዶ ይገፋል፣ ይሮጣል፣ ያልበዋል። ችግሩ ሲቆም ነው፤ እርጥብ ልብስ ገላውን ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ሳያልበው ጃኬቱን ያወልቃል፣ ሲያርፍ መልሶ ይለብሳል። ከሥር የሚለበሰው ሱፍ ነው፤ ጥጥ አንዴ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም። ከአዲስ አበባ የምትሄዱ ካላችሁ የጥጥ ካልሲያችሁን እዚሁ ተዉት።