ቬፕ ምንድን ነው? ከሲጋራ ወደ እሱ የዞረ ሰውስ ምን ይገጥመዋል?

አንድ ጓደኛ አለኝ፤ የእንጅባራ ልጅ ነው፣ የሚኖረው ባሕር ዳር። አሥራ ሁለት ዓመት አጭሷል። በአዘቦት ቀን በፍሬ እየገዛ ግማሽ ፓኮ፣ አረቄ የቀመሰ ዕለት ደግሞ ሙሉውን። ባለፈው ዓመት ዘመዱ ከውጭ ሲመጣ ጣት የምታክል ሰማያዊ ዕቃ ይዞለት መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲጋራ አልነካም። መጀመሪያ ግራ የገባቸው እናቱ ናቸው። አጠገባቸው ሲቀመጥ አሸተት አደረጉና «ማንጎ በልተህ ነው እንዴ የመጣኸው?» አሉት። «አዎ እማዬ» ብሎ አለፈ።

ወር ሳይሞላው ደወለልኝ። ፋርማሲ ስለምሠራ የሠፈሩ ጥያቄ ሁሉ ወደ እኔ ነው። «ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ሳሌ ባሰብኝ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይሄ ነገር ከሲጋራው ይብሳል እንዴ?» አለኝ። በስልክ የሚያልቅ ጥያቄ አልነበረም።

ቬፕ ማለት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው። ውስጧ ብዙ ነገር የለም፤ ባትሪ፣ ጥምዝምዝ ያለች ቀጭን ሽቦ፣ ፈሳሽ። ሰው ሲስባት ባትሪው ሽቦዋን ያግላታል፣ ሽቦዋ ፈሳሹን ታተነዋለች፣ ነጩ ነገር ወደ ሳንባ ይገባል። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫ እና ብዙውን ጊዜ ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲን ነው። ግሊሰሪኑን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለተሰነጠቀ ተረከዝ ከእኔ ዘንድ የሚገዛው ነው። ዕቃዋን በዛሬው መልኳ በ2003 እ.ኤ.አ. የሠራት ሆን ሊክ የሚባል ቻይናዊ የፋርማሲ ባለሙያ ነው። ራሱ አጫሽ ነበር፤ አባቱም በሳንባ ካንሰር ነው የሞቱት።

ከሲጋራ የምትለይበትን ነገር እንደ ጓደኛዬ ላለ የአዊ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ፋግታ ለኮማ በኩል ያለፈ ሰው ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ሲከሰል ጭሱን አይቷል፤ በማዳበሪያ የተሞላው ከሰል መንገድ ዳር ተደርድሮ አይሱዙ ሲጠብቅም አይቷል። ያ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው እንደሚገድልም ያውቃል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለውም፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ቦታውን ይይዝበታል። ይኸው ጋዝ በእያንዳንዱ ሲጋራ ጭስ ውስጥ አለ። ትንባሆ ሲቃጠል ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ይወጣሉ፤ ወደ 70 የሚጠጉት ካንሰር እንደሚያመጡ ታውቋል። ሳንባ ላይ የሚለጠፈው ጥቁሩ ታርም ከዚያው ከቃጠሎው ነው።

ቬፕ አይነድም። ከምድጃው ይልቅ ምድጃው ላይ የተጣደችውን ጀበና ይመስላል። ምሳሌው ግን እዚህ ላይ ያበቃል። ከጀበና የሚወጣው የውሃ እንፋሎት ነው፤ ከቬፕ የሚወጣው ውሃ አይደለም። «እንፋሎት እኮ ነው፣ ምንም አያደርግም» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል።

እንግዲህ ሲጋራን ጨርሶ ትቶ ወደ ቬፕ የዞረ ሰው የሚያተርፈው የቃጠሎውን ጣጣ መገላገል ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከደሙ ይወጣል። ምላስና አፍንጫ ቀስ በቀስ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። የዞሩ ሰዎች ሽንት ሲመረመር ብዙዎቹ የጭስ መርዞች በጣም ቀንሰው ይገኛሉ። ጓደኛዬ በሁለተኛው ወር ቤዛዊት ኮረብታን ሳያርፍ ወጣ። ድሮ መሀል ላይ ቆሞ ጣናን ፎቶ የሚያነሳ ይመስል ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም የቬፕ ጉዳት ከሲጋራ በ95 በመቶ ያነሰ ነው ብሎ ነበር። እኔ ይህን ቁጥር አልወደውም። የባለሙያዎች ግምት እንጂ የተለካ ነገር አይደለም፤ ብዙ ሐኪሞችም ተከራክረውበታል። ያንሳል ማለት ግን ትክክል ነው።

ወደ ጓደኛዬ ሳል እንመለስ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው የሁለት ነገር ስሜት ስለሚደባለቅበት ነው። አንዱ ከቬፑ የሚመጣ፣ ሌላው ሲጋራውን ከመተው የሚመጣ።

ከቬፑ የሚመጣው የጉሮሮና የአፍ መድረቅ፣ መከርከር፣ ሳል፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነው። ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን እርጥበት ይስባሉ፤ ጉሮሮው የሚደርቀው ለዚህ ነው። ውሃ በብዛት ሲጠጣ ቀለል ይላል፤ ለብዙ ሰውም ከጊዜ ጋር ይቀንሳል። ሲጋራውን ከመተው የሚመጣው ደግሞ መነጫነጭ፣ የምግብ ፍላጎት መጨመር፣ የሆድ ድርቀት፣ አንዳንዴም የአፍ ቁስል ነው። በቬፑ ኒኮቲን የሚያገኝ ሰው መነጫነጩ ይቀልለታል። ቁስሉ ግን ሊወጣበት ይችላል፤ ያኔ ቬፑን ይረግማል።

እንቅልፉስ? ይሄኛው ነው እኔን ራሴን ያስገረመኝ። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያጠፋ ያደርገዋል። ይህን የሚያደርገው ኒኮቲኑ አይደለም፤ ከቃጠሎው የሚመጡ ኬሚካሎች ናቸው። ስለዚህ አጫሽ ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ጥርግ አድርጎ ይተኛል። ጭሱን ሲተው ጉበቱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያው ሦስት ሲኒ ቡና እጥፍ ያህል ሆኖ ደሙ ውስጥ ይቆያል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊቱ አይነጋም። ጓደኛዬ ደግሞ እናቱ ቤት ቡና ሲፈላ በረካውን ሳይጠጣ የማይነሳ ሰው ነው።

ይህ ነገር ለቡና ብቻ አይደለም። ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የሚባሉትን የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ማጨስ ሲያቆም መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ሊከማችበት ይችላል። ወደ ቬፕም ዞረ ጨርሶም ተወ፣ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

ሌላው ጣጣ ኒኮቲኑ ራሱ ነው። ሲጋራ መጨረሻ አለው፤ ፊልተሩ ጋ ሲደርስ ይጣላል። ቬፕ አልጋ ላይም፣ ባጃጅ ውስጥም፣ ሽንት ቤትም አፍ ላይ ናት፤ በቃ የሚል ምልክት የላትም። አዲሶቹ የኒኮቲን ጨው የሚባለውን ስለሚጠቀሙ ጉሮሮ አይከረክሩም፤ ብዙ ቢስቡም አይታወቅም። ማጥወልወል፣ ማዞር፣ ላብ ላብ ማለትና የልብ መምታት ከመጣ በዛ ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ኒኮቲን እንዳይኖር ገድቧል፤ ሌላ ቦታ ከዚያ እጥፍ በላይ የያዘም ይሸጣል። ኒኮቲን የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፤ ለነፍሰ ጡርም ለጽንሱም አይሆንም።

ሱሱም የትም አልሄደም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ማጨስ ለማቆም የፈለጉ ወደ 900 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትሏል። ከዓመት በኋላ ቬፕ ከተሰጣቸው 18 በመቶው፣ ማስቲካንና ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን የመሰሉ የኒኮቲን ምትኮች ከተሰጣቸው ደግሞ ወደ 10 በመቶው ሲጋራ አቁመው ተገኙ። ቬፑ በልጧል። ነገር ግን በቬፕ ካቆሙት ውስጥ 80 በመቶው ዓመት ሙሉ ቬፑን አልለቀቁም። በምትኩ ካቆሙት ምትኩን የያዙት 9 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ከሁሉ የከፋው ሁለቱንም የያዘው ሰው ነው። ቤት ውስጥ ቬፕ፣ ቡና ቤት ሲጋራ። «ቀንሻለሁ እኮ» ይላል። ለልብ ግን መቀነስ ብዙም አይቆጠርም። በቀን አንድ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው፣ 20 የሚያጨሰው ላይ ከሚጨመረው የልብ ሕመም አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል።

ስለ ረጅሙ ጊዜ፣ ዕቃዋ ገና ሃያ ምናምን ዓመቷ ነው፤ የሳንባ ካንሰር ደግሞ አሥርት ዓመታት ጠብቆ ነው የሚመጣው። «ለምግብ የተፈቀደ ማጣፈጫ ነው» የሚለው መጽናኛም አይሠራም። አሜሪካ ውስጥ የፈንድሻ ፋብሪካ ሠራተኞች የቅቤ ሽታ የሚሰጠውን ዳይአሴቲል በመተንፈሳቸው ብቻ ሳንባቸው ተበላሽቷል፤ ሲበሉት ግን ምንም አያደርግም። ከ2019 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደግሞ እዚያው አገር በቬፕ ሰበብ ከ2,800 በላይ ሰው ለሆስፒታል በቃ፣ 68 ሰው ሞተ። ዋናው ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነው፤ በአብዛኛው በጥቁር ገበያ በሚሸጥ የካናቢስ ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ።

ጥቁር ገበያን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስገባትም መሸጥም ከልክሏል። ስለዚህ ባሕር ዳር የሚደርሰው በሻንጣ የመጣ ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ውስጡ መኖሩን ያረጋገጠ የለም።

የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ጎጃም ውስጥ የትንባሆ ስም አምሮ አያውቅም። በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ሲባል ያደገ ልጅ ሲጋራ ይዞ ደጅ ላይ አይቆምም፤ ሽታው ያጋልጠዋል። ይህ ነውር ስንቱን ልጅ እንዳዳነ እግዜር ይወቀው። የማንጎ ሽታ ያላት ዕቃ ግን ቤት ድረስ ትገባለች፤ እናት እንኳ ፍሬ በላ ብላ ታልፋለች። አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ ገና እየተሠራ ስለሆነ ኒኮቲን በዚያ ዕድሜ ሲገባ ሥር ይሰዳል። አጭሶ የማያውቅ ልጅ ከቬፕ የሚያተርፈው ነገር የለም።

የጓደኛዬ ዕቃ ባለፈው ወር ተሟጠጠች፤ ምትክ የሚሸጥም የለም። ብዙ ሰው ወደ ሲጋራ የሚመለሰው እንዲህ ባለው ሳምንት ነው። ያው ዘመዱ ኒኮቲን ማስቲካ ላከለት። «እንደ ባናና ማስቲካ አታላምጠው» አልኩት። ትንሽ አኝኮ፣ ጉንጭና ድድ መሀል አሳርፎ፣ ሲቀንስ እንደገና ማኘክ ነው፤ ዝም ብለው እያኘኩ ምራቁን ከዋጡት ሆድ ያቃጥላል። ቡናውንም ቀንሷል። አሁን አቦሏን ብቻ ጠጥቶ ይነሳል፤ እናቱ በዚህ ተቀይመውታል።