ሀስሊንግ ምንድን ነው? በፑል ቤት ችሎታን ሸሽጎ ገንዘብ መብላት

ሀስሊንግ የሚባለው በገንዘብ ፑል የሚጫወት ሰው እውነተኛ ችሎታውን ሸሽጎ፣ ተጋጣሚው እኩያው ወይም ከእርሱ ያነሰ መስሎት መደብ (የውርርድ ገንዘብ) እንዲያስይዝ የሚያደርግበት የማታለል ዘዴ ነው። ቃሉ በገንዘብ መጫወትን ሁሉ ለማመልከት ስለሚነገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲምታቱ ይታያል። ሁለት ተጫዋቾች አንዳቸው የሌላውን ልክ አውቀው፣ በግልጽ ተደራድረው፣ አሥር ሺህ ዶላር ቢያስይዙ ያ ከባድ ቁማር ነው፤ ሀስሊንግ ግን አይደለም። አንዱ ማን እንደሆነ ሌላው ሳያውቅ የተያዘች ሃያ ዶላር ግን ሀስሊንግ ናት። የገንዘቡ መጠን ምንም አይለውጥም፤ ሀስለር የሚያተርፈው ስለ ራሱ ካሰራጨው የተሳሳተ መረጃ ነው።

ፑል የሚለው ስም ራሱ ከቁማር የመጣ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ተወራራጆች በጋራ የሚያዋጡትን መደብ ያመለክት ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን በአሜሪካ ፑል ቤት ይባል የነበረው በፈረስ እሽቅድምድም የሚወራረዱ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቤት ሲሆን፣ የቢሊያርድ ጠረጴዛዎች የገቡት ደንበኞች በአንዱ እሽቅድምድምና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ጊዜ እንዲያሳልፉባቸው ነበር። የፈረሱ ውርርድ ከቤቱ ከወጣ በኋላ ስሙም ክፉ ዝናውም በጠረጴዛዎቹ ላይ ቀሩ።

ኳስ መሳት ለማንም ቀላል ነው፤ በሚታመን መንገድ መሳት ግን ከማስገባት የሚከብድ ጥበብ ነው። ጀማሪ ሲስት ነጩ ኳስ እንዳሻው ሄዶ ብዙ ጊዜ ለተጋጣሚው የተመቻቸ ቦታ ላይ ያርፋል። ሀስለር ግን ሊያስገባው የነበረውን ኳስ ቀዳዳው አፍ ላይ በጥቂቱ ሲስት፣ ነጩን ኳስ ከሌላ ኳስ ጀርባ ይሸሽገዋል ወይም ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ያጣብቀዋል፤ ተጋጣሚውም ዕድል የከዳው ሰው ያየ ይመስለዋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ተመልካች የእንግዳን ልክ ለማወቅ ሲፈልግ የገቡትን ኳሶች አይቆጥርም። ነጩ ኳስ ከምት በኋላ የት እንደሚቆም፣ እንጨቱን የደገፈው እጅ ይናወጥ እንደሆነ፣ መቺው ከመታ በኋላ አንገቱን ቀና ለማድረግ ይቸኩል እንደሆነ ይመለከታል። እነዚህ ለዓመታት በልምምድ የተገነቡ ልማዶች ስለሆኑ ለአንድ ምሽት ማጥፋታቸው እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ሰው የሚጋለጠውም ብዙ ጊዜ በእነዚሁ ነው።

ጨዋታው በትንሽ መደብ ይጀመራል። ሀስለሩ ጥቂት ጊዜ ሆን ብሎ ይሸነፋል፤ ከዚያ በጠባብ ልዩነት ያሸንፋል፤ እንደገና ይሸነፋል። በመጨረሻ መደቡ ከፍ ይበል የሚለውን ሐሳብ የሚያነሳው ተበሊው ራሱ እንዲሆን ይጠብቃል፤ ራሱ የጠየቀ ሰው ተታለልኩ ለማለት ይቸገራልና። በእኔ እምነት በሀስሊንግ ውስጥ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ከሰውየው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የማጉረምረም መብቱንም ይወስድበታል።

ተንኮሉ ሁልጊዜ ከመንገደኛው ወደ አገሬው ብቻ አይሄድም። በቡና ቤቶች በሚገኙ ሳንቲም በሚጎርሱ ጠረጴዛዎች ላይ፣ ማሽኑ ነጩን ኳስ ከሌሎቹ ለይቶ እንዲመልስ ሲባል ኳሱ ከሌሎቹ የከበደ ወይም የተለቀ ሆኖ የሚሠራባቸው አሉ። እንዲህ ዓይነቱን ኳስ ሌላ ኳስ ነክቶ ወደ ኋላ እንዲመለስ አድርጎ መምታት እጅግ ያስቸግራል። ይህን በየዕለቱ የሚጫወትበት ሰው፣ በትልቁ ጠረጴዛ ላይ ከእርሱ የሚበልጠውን እንግዳ እቤቱ ሊበላው ይችላል።

ሁለቱም ወገኖች የሚተዋወቁ ከሆነ ትግሉ ወደ ድርድር ይዛወራል። ለደካማው የሚሰጠው ማካካሻ ስፖት ይባላል። ለምሳሌ በ9 ኳስ ጨዋታ ከጠረጴዛው ላይ ካሉት ኳሶች ዝቅተኛ ቁጥር ያለውን አስቀድሞ መምታት ግዴታ ሲሆን፣ የሚያሸንፈው 9 ቁጥርን ያስገባው ነው። ደካማው ስምንት ተሰጠው ከተባለ 8 ቁጥርን በማስገባትም ያሸንፋል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ የመክፈቻውን ምት ሁልጊዜ ለደካማው መተው ወይም በጥቂት ጨዋታ አስቀድሞ እንዲጀምር ማድረግም የተለመደ ነው። የኳሶቹ መበተን ገና ሳይሰማ፣ ገንዘቡ ወደ ማን እንደሚሄድ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ድርድር ነው።

የጨዋታው ርዝመትም የድርድሩ አካል ነው። ከመቶ ጨዋታ 55ቱን የሚያሸንፍ ሰው ቀድሞ 7 የደረሰ ይበላል በሚል ቢጋጠም፣ የማሸነፍ ዕድሉ ወደ 64 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቀድሞ 100 የደረሰ ይበላል ቢባል ግን ዕድሉ ወደ 92 በመቶ ይወጣል። በርካታ ሺህ ዶላር የሚያዝባቸው ግጥሚያዎች ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈጁት ስለዚህ ነው፤ ብልጫ አለኝ ብሎ የሚያምን ወገን ርዝመቱን ይፈልጋል፣ የተጠራጠረው ደግሞ ያሳጥርልኝ ይላል።

የዚህ የፑል ቁማር ዓለም ታላቅ መናኸሪያ በአሜሪካ ደቡብ ኢሊኖይ የምትገኘው ትንሿ የጆንስተን ሲቲ ከተማ ነበረች። የያንስኮ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ በዚያ ባካሄዱት ዓመታዊ ውድድር ላይ ከየክፍለ ግዛቱ የመጡ ሀስለሮች ይሰበሰቡ ነበር፤ ትልቁ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ግን የውድድሩ ጨዋታ ካበቃ በኋላ በሌሊት ነበር። በ1972 የፌዴራል መንግሥት ወኪሎች ቤቱን ወረሩት፣ ውድድሩም በዚያው ተቋረጠ። ከነዚያ ሰዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ሩዶልፍ ዋንደሮን፣ ስለ ፑል ቁማርተኞች የተሠራ ፊልም በ1961 ከታየ በኋላ ሚኒሶታ ፋትስ የሚለውን የገጸ ባሕርይ ስም ለራሱ ወስዶ በመላው አሜሪካ ታወቀ። ዝናው ገቢ አመጣለት፤ መልኩን ሁሉ ሰው የሚያውቀው ሰው ግን እንግዳ መስሎ ሊቀርብ አይችልም።

ስም ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳየው ሌላው ምሳሌ ፊሊፒናዊው የፑል ተጫዋች ኤፍሬን ሬየስ ነው። በ1985 በቴክሳስ ሂውስተን በተደረገ ውድድር የተመዘገበው ሴሳር ሞራሌስ በሚል ስም ነበር፤ ወሬው አስቀድሞት አሜሪካ ደርሶ ነበርና። ውድድሩንም አሸነፈ። ይኸው ሰው በ1996 በሆንግ ኮንግ፣ በገዛ ስሙና በዓለም ፊት፣ ከአሜሪካዊው ተጫዋች ከኧርል ስትሪክላንድ ጋር ቀድሞ 120 የደረሰ 100,000 ዶላር ይወስዳል በተባለ ግጥሚያ 120 ለ117 ረታ። ከ237 ጨዋታ በኋላ በሦስት ብቻ መለያየት የሁለት እኩዮች ግልጽ ፍልሚያ ምን እንደሚመስል ያሳያል።

ዛሬ ማንነትን መደበቅ በጣም ከባድ ሆኗል። ግጥሚያዎች በቀጥታ በኢንተርኔት ይተላለፋሉ። ፋርጎሬት የተባለው የደረጃ ስሌት ደግሞ ለተጫዋቾች ቁጥር ይሰጣል፤ በዚህ ስሌት በ100 ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች ሌላው አንድ ሲያሸንፍ እርሱ ሁለት እንደሚያሸንፍ ይጠበቃል። ስለዚህ መሸሸጉ ቁጥሩን ወደ ማበላሸት ተሸጋግሯል፤ በሚመዘገቡ ውድድሮች ላይ ሆን ብሎ እየተሸነፈ ደረጃውን ዝቅ የሚያደርግ ተጫዋች ኋላ በድርድር ጊዜ የማይገባውን ስፖት ይጠይቃል።

ከዚህም የረቀቀው ማታለል በባለገንዘቡ ላይ የሚፈጸመው ነው። በከባድ መደብ የሚጫወቱ ብዙዎቹ የራሳቸውን ገንዘብ አያስይዙም፤ ሌላ ሰው ያስይዝላቸውና ካሸነፉ ከትርፉ ድርሻ ይወስዳሉ። እንዲህ ያለው ተጫዋች ከተጋጣሚው ጋር በስውር ተስማምቶ ቢሸነፍ፣ የባለገንዘቡን መደብ ሁለቱ ይካፈሉታል። የሚዋሸው ለማያውቀው እንግዳ አይደለም፤ ላመነው ሰው ነው። ከጥንቃቄ የተነሣ አንዳንድ ባለገንዘቦች ተጫዋቹ ከመደቡ የተወሰነውን ከኪሱ እንዲያስይዝ ያስገድዳሉ። ጥበቃው ግን ሙሉ አይደለም፤ ሊሸነፍ የተስማማ ሰው ያስያዘውን ድርሻ ከጨዋታው በኋላ ከተጋጣሚው እጅ መልሶ ይቀበላልና።