ከቴርማል ስፕሬይ በፊት ብረት ማሞቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቴርማል ስፕሬይ የቀለጠ ብረት ወይም ሴራሚክ በኃይል እየረጩ በሌላ ብረት ላይ ሽፋን የማልበስ ሥራ ነው። ሽፋኑ ሲላጥ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ቀልጦ የሚረጨው ዱቄት ወይም ማሽኑ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ብረቱ እንዴት እንደሞቀ ነው።

«ነበልባሉን ትንሽ ካሳዩት ይበቃል።» ጎጂው ይሄኛው ነው። ጋዝ ከኦክስጅን ጋር ሲነድ የውሃ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ብረት ሲያገኝ እዚያው ጤዛ ይሆናል። ልብ ብላችሁ እዩት፦ ነበልባሉ ገና ሲነካው ብረቱ ይደበዝዛል፣ ያልበዋል። ጭጋጉም ከነበልባሉ ፊት ፊት እየሸሸ ይሄዳል። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው ብረቱን አላደረቀም፣ አረጠበው እንጂ። ላቡ ጠፍቶ ዕቃው በሙሉ እኩል እስኪሞቅ መቀጠል ያስፈልጋል። ለተለመደ የአረብ ብረት ሥራ ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃል። የቀለጠው ጠብታ እርጥብ ወይም ቀዝቃዛ ገጽ ሲመታ ይፈነጣጠራል። ደረቅና ሞቅ ያለ ገጽ ላይ ግን ክብ ሆኖ ይዘረጋና ይይዛል።

«ከሞቀ ሳንድብላስት አያስፈልግም።» በፍጹም! ሳንድብላስት አሸዋ መሰል ፍርፋሪ በአየር ግፊት እየረጩ ገጹን ማሻከር ነው። ሽፋኑ በአብዛኛው የሚይዘው የሻከረውን ገጽ ቆንጥጦ ነው። ዘይትና ግሪስም በእሳት አይጸዳም፣ ተቃጥሎ ጥቁር ቅሪት ይተዋል። ቅደም ተከተሉ ቅባት ማጽዳት፣ ሳንድብላስት፣ ማሞቅ፣ ወዲያው መርጨት ነው።

«በሞቀ ቁጥር ይሻላል።» ይህ ብየዳ አይደለም፤ ሥር ያለው ብረት አይቀልጥም። አረብ ብረት 200 ዲግሪን አለፍ ሲል መልኩ ወደ ቢጫ፣ ቀጥሎም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ያ ቀለም ኦክሳይድ ነው። ከታየ ሥራው ወደ ሳንድብላስት ይመለሳል። ነበልባሉ አሲታይሊን ከበዛበትም ጥቀርሻ ይተዋል። ስለዚህ ከተቻለ የሚረጨውን ቦታ ሳይሆን ከጎኑ ያለውን ማሞቅ ይመረጣል፤ ክፍት ቱቦ ከሆነ ደግሞ ከውስጥ።

«ኢንፍራሬድ መለኪያ አይሳሳትም።» ይህ ሳይነካ ከርቀት ሙቀት የሚለካ መሣሪያ የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ከእውነተኛው ሙቀት በታች ሊያነብ ይችላል። የሚነካ ቴርሞሜትር ይሻላል። የሙቀት ጠመኔ (በተወሰነ ሙቀት ላይ የሚቀልጥ ማስመሪያ) ከተጠቀማችሁ ምልክቱ ከሚረጨው ቦታ ውጭ ይሁን።

«ሁሉም ዕቃ መሞቅ አለበት።» ድልድይና ትልቅ ታንከር በኤሌክትሪክ አርክ (ሽቦ በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ በሚረጭ ዘዴ) ዚንክ ሲለብስ አብዛኛውን ጊዜ አይሞቅም። እዚያ የሚጠበቀው የብረቱ ገጽ ጤዛ ከሚጀምርበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጡ ነው። አየሩ በተቀያየረ ቁጥር ልኬቱ ይደገማል።