«ዛፍ በፍሬው ይታወቃል»፦ ለማን ተባለ?

ድሬዳዋ ውስጥ ይህን ተረት ሳይሰሙ ሳምንት ማለፍ ይከብዳል። ባለፈው የሰፈራችን ልጅ በኳስ መስኮት ሰበረ። አክስቴ በረንዳዋ ላይ ሆና አየችውና ራሷን ነቀነቀች። «አቦ ምን ይደረግ፣ ዛፍ በፍሬው ይታወቃል!» የሰደበችው ልጁን አይደለም፣ እናቱን ነው። እናትየውም ነገሩ ገብቷታል። ሁለት ሳምንት ቡና ሳይጠራሩ ከረሙ።

እንዲህ ሲነገር ተረቱ የ«ዘር ከልጓም ይስባል» ወንድም ይመስላል። ዛፉ ወላጅ፣ ፍሬው ልጅ ይሆናል። በቃ፣ ዘር ቆጠራ ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት የገባኝ እንዲሁ ነበር። በመካነ ኢየሱስ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ማቴዎስ 7ን ስናነብ ነው ነገሩ ሌላ መሆኑ የታየኝ። እዚያ ስለ ጎረቤት ልጅ የተባለ ነገር የለም። ጌታ የሚናገረው የበግ ለምድ ለብሰው ስለሚመጡ ሐሰተኞች ነቢያት ነው። «ከፍሬያቸው ታውቋቸዋላችሁ» ይልና ወዲያው ይጠይቃል፦ «ከእሾህ ወይን ከኩርንችትስ በለስ ይለቀማልን?»

እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ሳቅ ሊመጣበት ይችላል። በክረምት መንገድ ዳር በለስ የሚሸጡ ልጆችን አስቡ። በቢላ ጫፍና ጫፉን ቆረጥ፣ መሃሉን ሰንጠቅ አድርገው ልጣጩን ይገልጡልሃል። በራስህ እጅ ከነካኸውማ ጸጉር የመሰለው እሾህ ጣትህ ውስጥ ገብቶ እስከ ማታ ይለበልብሃል። እኛ በለስ የምንለቅመው ከእሾህ ነዋ! ግን ይሄኛው ቁልቋል ነው፤ ዘሩ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። የወንጌሉ በለስ የሾላ ዘመድ የሆነው፣ እሾህ የሌለው ዛፍ ነው። ስሙ ብቻ ነው የተጋጨው።

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ቃሉን በዚያው በመጀመሪያ ቦታው ነው የያዙት። የአንጾኪያው ጳጳስ አግናጥዮስ በሁለተኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ለአውሬ ሊሰጥ ወደ ሮም ሲወሰድ ለኤፌሶን ሰዎች ደብዳቤ ጽፏል። ዛፍ በፍሬው እንደሚታይ ሁሉ የክርስቶስ ነን የሚሉም በሥራቸው ይታያሉ ይላቸዋል። ከሱ ይበልጥ የገረመኝ ግን ዲዳኬ ነው፤ «የዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ትምህርት» የሚባለው። (ከዲድስቅልያ ጋር አይምታታባችሁ፤ ሌላ መጽሐፍ ነው።) የግሪክኛው ቅጂ ቁስጥንጥንያ ውስጥ የተገኘው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። ስለ ተጓዥ ነቢያት የሚናገረው ክፍል ግን በእኛው «ሲኖዶስ» በሚባለው የቤተ ክርስቲያን ሕግ መጽሐፍ ውስጥ በግዕዝ ተቀምጦ ኖሯል።

የሚለውም ቁርጥ ያለ ነው። የሚዞር ሐዋርያ ሲመጣ ተቀበሉት። አንድ ቀን ይደር፤ ካስፈለገ ሁለት። ሦስተኛውን ካደረ ሐሰተኛ ነቢይ ነው። ሲሄድ ከስንቅ እንጀራ በቀር ምንም አይያዝ። ገንዘብ ከጠየቀ ሐሰተኛ ነው። በመንፈስ የሚናገር ሁሉ ነቢይ አይደለም፤ የሚለየው በአኗኗሩ ነው። አንድ ጊዜ እዚሁ ከተማችን አዳራሽ ተከራይቶ ሳምንት የሰነበተ «ነቢይ» ነበር። የሞባይል ባንክ ቁጥሩን ከስብከቱ ቀድሞ ነበር የሚያስነግረው። ያኔ ዲዳኬን አንብቤው ቢሆን ኖሮ ሁለት መቶ ብሬ ኪሴ ውስጥ ትቀር ነበር።

የፕሮቴስታንት ተሐድሶን የጀመረው ጀርመናዊው ማርቲን ሉተር ደግሞ ተረቱን ከሌላ ጎኑ ያነሳዋል። በ1520 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያን ነጻነት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ጥያቄው ይህ ነው፦ የትኛው ይቀድማል? ፍሬ ዛፍን አያበቅልም፤ ዛፍ ነው ፍሬን የሚያፈራው። በዚያው አንድ ምሳሌ ይጨምራል፦ ጥሩ ቤት ጥሩ ግንበኛ አያደርግም፤ ጥሩ ግንበኛ ግን ጥሩ ቤት ይሠራል። መልካም ሥራም ሰውን መልካም አያደርገውም፤ መልካም የሆነ ሰው ነው መልካም የሚሠራው። ሰውን መልካም የሚያደርገው ደግሞ እምነት ነው ይላል።

ይህን የሚለው በሥራ መልካም ለመሆን ሞክሮ አይቶት ነው። በ1505 ኤርፈርት ገዳም ገብቶ በጾም፣ በሌሊት ጸሎት፣ በንስሐ ራሱን አድክሟል። እኔ በድሬ አማርኛ ላስረዳው፦ ከገበያ ብርቱካን ገዝተህ ግራር ላይ በክር ብታንጠለጥል ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ግራሩ ግን ብርቱካን አልሆነም። በሦስተኛው ቀን ፀሐዩ ብርቱካኑን ያጨማድደዋል፣ እሾሁ ይቀራል።

«እንግዲያ ሥራ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ያኔም ተነስቷል። በ1530 የቀረበው የሉተራውያን የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ በስድስተኛው አንቀጹ እምነት መልካም ፍሬ ማፍራት አለበት ብሎ መልሷል። ሉተር ራሱ ግን በ1522 ለአዲስ ኪዳን ትርጉሙ በጻፈው መቅድም ላይ «እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው» የሚለውን የያዕቆብን መልእክት ከነጳውሎስ ጽሑፎች ጋር እያነጻጸረ «የገለባ መልእክት» ብሎታል። እዚህ ላይ የተቻኮለ ይመስለኛል። ያዕቆብም ቢሆን የሚጠይቀው ዛፉ ሕይወት አለው ወይ ብሎ ነው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ነገርኳት። ግቢዋ ውስጥ ከዘር ያበቀለችው ማንጎ አለ። ሰባት ዓመቱ ነው፣ አንድም ፍሬ አልሰጠም። በየቀኑ የቡና አተላ ሥሩ ላይ ትደፋለታለች። መስኮት የሰበረው ልጅ ደግሞ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

«ታዲያ ይሄ ዛፍ በምን ይታወቃል?» አልኳት።

«በቅጠሉ!» አለች። «አሁን ወሬህን ተውና ውሃ አምጣ።»