ኢዮብ ዝም አላለም

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የእድር ድንኳን በተጣለ ቁጥር የምሰማው ምክር አለ። ልጇን የቀበረች እናት ደረቷን ስትመታ፣ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው «ተይ እንጂ! ሃይማኖት የለሽም እንዴ? እግዚአብሔርን ታስቀይሚያለሽ» ይላታል። ተናጋሪው ክፋት የለበትም። ግን ይህን ትምህርት ከየት አመጣነው?

ትዕግሥት ሲነሳ የምንጠራው ኢዮብን ነው። 7,000 በግ፣ 3,000 ግመል ነበረው። ይህ ሁሉ ሀብትና 10 ልጆቹ በአንድ ቀን ሄዱበት። «እግዚአብሔር ሰጠ፤ እግዚአብሔርም ነሣ» ማለቱን ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። ከዚያ በፊት ግን መጎናጸፊያውን ቀደደ፣ ራሱን ተላጨ። ምዕራፍ 3 ላይ ደግሞ የተወለደበትን ቀን ረገመ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ምዕራፍ «ለምን?» እያለ ከፈጣሪው ጋር ይሟገታል። እኛ ከመጀመሪያው ዘለን መጨረሻው ላይ፣ ሀብቱ እጥፍ ሆኖ የተመለሰለት ጋ ስለምንደርስ መሃሉን አናውቀውም። (መሃሉ ረጅም ነው፤ አልፈርድባችሁም።)

ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ሊያጽናኑት መጡ። 7 ቀንና 7 ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ከሠሩት ሁሉ የሚሻለው ይሄ ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ «ኃጢአት ቢኖርብህ ነው» ማለት ጀመሩ። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ነው? ሲጮህ በከረመው ኢዮብ አይደለም፤ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ያለው እነሱን ነው (ኢዮብ 42፥7)።

ጌታችንም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። በጌቴሴማኒ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ ለመነ፤ በዚያው ጸሎት «አንተ እንደምትወድ ይሁን» አለ። ልመናውም መቀበሉም ካንድ አፍ ነው የወጡት። እንግዲህ ያለቀሰ ሰው እምነት ጎደለው የምንለው በምን ሒሳብ ነው?

አንድ ነገር ግን እንለይ። ሞትን ማንም አይመልሰውም። የሚታከም በሽታን «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብሎ መተኛት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጸበል ጀመርኩ ብሎ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒቱን የሚጥል ሰው በየሰፈሩ አለ። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጣ ብሎታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)፤ ጸሎት ብቻ ይበቃሃል አላለውም። ራሱ ደግሞ የሥጋው መውጊያ እንዲለየው ሦስት ጊዜ ለምኖ፣ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር። መውጊያውም አልተነሣለትም። እሱን ተቀብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ለቅሶ ቤት የምትሄዱ ወገኖቼ፣ የምትሉት ካጣችሁ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» በሉና ቁጭ በሉ። ንፍሮው ሲመጣ ዘገን አድርጋችሁ ለጎረቤት አሳልፉ። በሰልስቱ ድንኳኑ ይፈርሳል፣ ወንበሩ ይሰበሰባል፣ ዘመድም ወደየቤቱ ይገባል። ከባዱ ሳምንት የሚጀምረው ያኔ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የቀረችው ሴት ውሃ የሚመጣበት ቀን ሲደርስ ጄሪካን የሚያወጣላት ሰው ያስፈልጋታል። ስልክ መደወል ጥሩ ነው፤ በሯን ማንኳኳት ይበልጣል።